ግቤን በምክንያት የመረመርኩበት መንገድ

በሥራ ላይ እያለሁ የጀመርኩትን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ኮርሶች ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ሲቀረኝ፣ ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ የሚለውን ጥያቄ በደንብ አስቤበት ለመወሰን ተነሣሁ። ገና ከጅምሩ የተረዳሁት፣ ግቡ በውል ካልታወቀ ምክንያታዊነት የሚይዘው የሚጨብጠው እንደሌለው ነው። መቀጠሉ ያዋጣል ወይም አያዋጣም ለማለት፣ አስቀድሞ ለምን ዓላማ የሚለው መመለስ ነበረበት።

አርስቶትል ሰው የሚመክረው ስለ መዳረሻው ሳይሆን ወደ መዳረሻው ስለሚያደርሰው መንገድ ነው ይላል፤ ሐኪም በሽተኛውን ላድን ወይስ ልተው ብሎ አይመክርም፣ እንዴት እንደሚያድነው ግን ይመክራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምም አመክንዮ ብቻውን ሰውን ለተግባር እንደማያነሣሣ፣ የሚያነሣሣው ፍላጎት እንደሆነ ተከራክሯል። በዚህ የምስማማው በከፊል ነው። አመክንዮ ምን መውደድ እንዳለብኝ አልነገረኝም፤ ነገር ግን የምወዳቸው ነገሮች እርስ በርስ ሲጣሉ ያሳየኝ እሱ ነው።

ያሳየኝም እንዲህ ነው። በአንድ ወረቀት አናት ላይ “ዲግሪውን መያዝ” ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ “ለምን?” ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ የደረጃ ዕድገት ለማግኘት የሚል ነበር። ዕድገቱስ ለምን? የተሻለ ገቢ ለማግኘት። ገቢውስ? ቤተሰቤ ተረጋግቶ እንዲኖርና ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር እንድሆን። እዚህ ላይ ጥያቄው ቆመ፤ ከልጆቼ ጋር መሆንን የምፈልገው ለሌላ ነገር ብዬ አይደለምና። ይሁን እንጂ የምመኘው የሥራ መደብ አምሽቶ መሥራትንና በየጊዜው መስክ መውጣትን የሚጠይቅ ስለነበር፣ መንገዱ መዳረሻውን ራሱን ይበላው ነበር። ከወረቀቱ ጎን ደግሞ ከማንኛውም ዕድገት ጋር ያልተያያዘ ሌላ መልስ ሰፈረ፤ ምርምሩን ራሱን እወደዋለሁ የሚል። ለእኔ ትልቁ ግኝት ይህ ነበር፤ አንድ ግብ የመሰለኝ ነገር ሁለት ግቦችን አዝሎ ኖሯል።

የከፈልኩትን የትምህርት ክፍያ ከሚዛኑ ማውጣት ከሁሉም ይልቅ ከበደኝ። አርክስና ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ ወቅት የቲያትር ትርኢቶች ሁሉ የሚያገለግል ትኬት በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች በቅናሽ ከገዙት ይልቅ በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ ትርኢቶችን ተመልክተዋል። ቲያትሩ ለሁሉም ያው ነው፤ ልዩነቱ ከኪስ የወጣው ገንዘብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብቀጥልም ባቋርጥም የማይመለሰውን ገንዘብ ከወረቀቱ ላይ ሰረዝኩት።

ቀጥሎ የጊዜ ግምት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቢውለር፣ ግሪፊንና ሮስ ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ33.9 ቀናት እንደሚጨርሱ ገምተው የወሰደባቸው ግን 55.5 ቀናት ነበር። ይህን ስለማውቅ ከተስፋዬ ይልቅ ያለፈ ሥራዬን አመንኩ፤ ቀደም ሲል ያቀረብኳቸው የኮርስ ጽሑፎች በእርግጥ የፈጁትን ጊዜ ከማስታወሻዬ አውጥቼ፣ የመመረቂያውን ዕቅድ በዚያ ልክ ዘረጋሁ። ርዕስ ስመርጥም ከሁሉ የላቀውን ፍለጋ አልዞርኩም፤ መረጃው በእጅ የሚገኝ፣ አማካሪዬ የሚያውቀውና እኔን የሚያጓጓ ይሁን ብዬ መስፈርት አወጣሁና መስፈርቱን ያሟላውን የመጀመሪያውን ርዕስ ያዝኩ።

በመጨረሻም ትምህርቱን ለመቀጠል፣ ለዕድገቱ ግን ላለመወዳደር ወሰንኩ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ውሳኔዬ እርስ በርሱ ይጋጫል ይላሉ፤ ዲግሪን ከዕድገት ነጥሎ ማየት ለብዙ ሰው እንደሚከብድ እረዳለሁ። እኔ ግን ጽሑፉን የምሠራው ንጋት ላይ ቤቱ ሳይነቃ ሲሆን፣ ማታውን ለልጆቼ ትቼዋለሁ።