ሐረጎን የወረደው ሊጥ

ዛሬ ደሴ ከጠዋት ጀምሮ በጉም ተሸፍናለች፤ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። ወደ ባንክ እየወረድኩ ሳለ ከአንዲት ጠባብ ቤት የትኩስ ዘይትና የስኳር ሽታ መጣና አስቆመኝ። ሆዴ ባባ። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፤ ትንሽ ነገር ይበቃኛል።

አክስቴ ቦምቦሊኖ መጥበስ የጀመረችው ቧንቧ ውሃ አካባቢ በአንድ ብረት ድስት ነበር። ከዚያ ፒያሳ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ቀጥሎ ሰኞ ገበያ፤ በመጨረሻ ኮምቦልቻ። ሦስት ቤት! የቦምቦሊኖ ስም የጣሊያን ነው፤ እነርሱ ቦምቦሎኔ የሚሉት ድፍን ሆኖ ውስጡ ክሬም ይሞላል። የእርሷ ግን ዙሪያው በብርጭቆ አፍ፣ መሃሉ በለስላሳ ጠርሙስ አፍ የተቆረጠ ነበር። ከመሃል የወጡትን ትንንሽ ክቦች መጨረሻ ላይ ጠብሳ ለእኛ ለልጆች ትሰጠን ነበር። እንቁላልና ወተት አታስገባም፤ የሚጾመውም የማይጾመውም እኩል ይብላ ብላ። በረመዳን ደግሞ የኮምቦልቻውን ቤት ከሰዓት በኋላ ትከፍትና ለማፍጠሪያ ታደርስ ነበር።

ያስቸገራት ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ይሞቃል። ደሴ ላይ ማታ የተቦካ ሊጥ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ከሰል አጠገብ ተቀምጦ እንኳ ኩፍ ለማለት እስከ ንጋት ያስጠብቃል። እዚያ ግን በዚያው ልክ የተቦካው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ገንፍሎ፣ ጠዋት ኮምጥጦ ተገኘ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ደፋችው። ደሴ አቡክታ በሚኒባስ ለመላክም ሞክራ ነበር። ባልዲውን ከድና በገመድ አሰረችው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሲደርስ ግን ሊጡ ክዳኑን ገፍትሮ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ፈስሷል። ከዚያ በኋላ ነው እርሾውን የቀነሰችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማቡካት የጀመረችው። ስንት እንደቀነሰች የትም አልጻፈችም።

የፒያሳውን ቤት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት በጦርነቱ ምክንያት ዘግታ ወጣች። ኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ድስቱም ማቡኪያው ገንዳም አልነበሩም፤ ያ ቤት ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። ሰኞ ገበያውን ኪራዩ በላው። እርሷም ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን ያለው የኮምቦልቻው ብቻ ነው፤ ትልቋ ልጇ ይዛዋለች።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «እርሾውን በስንት ጣሳ ዱቄት ስንት ታደርግ ነበር? አንተ እኮ ከጎኗ አትለይም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ኩራዝ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ግን ልኩን አላየሁም፤ ያየሁት ጣቷን ነው። አመልካች ጣቷን ዱቄት አስነክታ ሊጡን ጫን ታደርገዋለች፤ ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ «ገና ነው» ትላለች፤ ቀስ ብሎ ሲመለስ «ደርሷል» ብላ ብርጭቆዋን ታነሳለች።

ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ቀስ ብሎ ማለት ስንት ያህል ነው?» አለች። እስከ አምስት መቁጠር ነው? እስከ አስር? ደግሞስ እኔ ያየሁት የደሴውን ነው፤ የኮምቦልቻ ሊጥስ በዚያው ፍጥነት ይመለሳል?