ግሬተል ጥፋተኛ ናት?

ዛሬ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያካፋ ዋለ። እኛም ቤት ከአቦል እስከ በረካ «ሃንሰልና ግሬተል» በሚለው ተረት ውስጥ ባለችው ልጅ፣ በግሬተል ጉዳይ ተሟገትን። ተረቱን ያነበበችልን የእህቴ ልጅ ናት። ጠንቋይዋ የግሬተልን ወንድም ቀቅላ ልትበላው ስትዘጋጅ፣ ግሬተል እሳት ወደሚነድበት ምድጃ ገፍትራ በሩን ቀረቀረችባት።

«ነፍስ አጥፍታለች!» አሉ አጎቴ።

እኔ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78ን ጠቀስኩ፤ ሕጋዊ መከላከል ነው። 9 ዓመት ካልሞላት ደግሞ በአንቀጽ 52 መሠረት ጭራሽ በወንጀል አትጠየቅም።

አክስቴ የጀበናውን ውታፍ በጣታቸው እንደያዙ፣ «መግደሉስ ይሁን፤ የሟቿን ዕንቁ ምን አስነካት?» ሲሉ ግን መልስ አጣሁ።

ዕንቁውን በሽርጧ ቋጥራ የሮጠችው ወደ ድሃ አባቷ ነው። በስርቆቱም ቢሆን ጠበቃዋ እኔ ነኝ!