ፍሬኑን የሚለቀው ጓደኞቹ ሲያዩት ነው

የአክስቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት በሳይክል ይለቀዋል። ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ እሱና ጓደኞቹ የአይሱዙ ጭራ ይዘው ነው። አክስቴ "ይሄ ልጅ ሞት መኖሩን አያውቅም" ትላለች። እኔ ግን በደንብ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ብቻውን ሲወርድ አይቼዋለሁ። ጣቶቹ ከፍሬን አይነሱም። ኩርባው ሳይደርስ ቀድሞ ይቀንሳል፤ ሚኒባስ ከመጣ ጥጉን ይይዛል። ጓደኞቹ ካሉ ግን ሌላ ልጅ ነው። ፍሬኑን ይለቃል፣ ደረቱን መሪው ላይ ይለጥፋል፣ በሁለት መኪና መሃል ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ ዞር ብሎ ያያል። የሚያየው መኪናውን አይደለም፤ እነሱን ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎረንስ ስታይንበርግ ከማርጎ ጋርድነር ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ታዳጊዎችን፣ ወጣቶችንና አዋቂዎችን የመኪና ጌም አጫወቷቸው። ቢጫ መብራት ሲበራ ማቆም ወይም መቀጠል ነው። የቀጠለ ነጥብ ያገኛል፤ ግን ሊጋጭ ይችላል። ብቻቸውን ሲጫወቱ ታዳጊዎቹ ከአዋቂዎቹ ብዙም አልተለዩም። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲቆሙ ግን ድፍረታቸው በጣም ጨመረ። አዋቂዎቹ ያው ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንጎል ምስል ሲታይ፣ ጓደኛ እያያቸው መሆኑን ያወቁ ታዳጊዎች ሽልማትን የሚያጣጥመው የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ሲነቃቃ ተገኘ።

ተፈጥሮም አለበት፣ አልክድም። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቪን ዙከርማን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያጠናው እንደኖረው፣ ቶሎ የሚሰለቻቸውና ደም የሚያሞቅ ነገር የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ከፊሉም በዘር ይወረሳል። የልጁ አባት የሰላሌ ሰው ነው። በጉርምስናው ለጥምቀት ጉግስ ሲጫወት እንዴት ያምርበት እንደነበር አክስቴ ራሷ አውርታ አትጠግብም።

ስለዚህ "ትሞታለህ" እያሉ መጮህ ጠብ የሚል ነገር የለውም። የሚያውቀውን ነው የምንነግረው። ሳይክሉን ብንነጥቀው የጓደኛውን ይዋሳል። ማነጋገር ያለብን ጓደኞቹንም ጭምር ነው፣ አንድ ላይ።

እኔ የጀመርኩት ከመሃላቸው ሁሉም ከሚሰማው ልጅ ነው፤ ጎማ የሚለጥፍላቸው፣ ፍሬን የሚያጠብቅላቸው እሱ ነው። ሄልሜት ለምን እንደማያደርጉ ጠየቅኩት።

"አንድ ሰው ብቻውን ካደረገ ፈሪ ይባላል" አለኝ።

"አንተ ብታደርግስ?"

ትንሽ አሰበና "እኔ ካደረግኩ ሁሉም ያደርጋሉ። ግን ለሁላችንም መኖር አለበት" አለ።

የአይሱዙውን ጭራ ስለመተው ገና አልተስማማንም፤ እሱን አልለቅም። ለጊዜው ግን ሄልሜት እየሰበሰብኩ ነው። ቤታችሁ የተቀመጠ፣ ያልተሰነጠቀ የሳይክል ሄልሜት ካለ ጻፉልኝ፤ መጥቼ እወስዳለሁ።