የማያይ ዓይን ፊት የሚበራ ሞኒተር

መሥሪያ ቤታችን አዲስ አበባ ነው፤ እኔ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ሰው ሁሉ ሲወጣ 40 ሞኒተር የድርጅቱን አርማ እያሽከረከረ ያድር ነበር። ስክሪን ሴቨር፣ ማለትም ሥራ ሲቆም ስክሪኑ ላይ የሚመጣው እንዲህ ያለው ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ኃይል ይቆጥባል የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። የተሠራው ግን ለድሮዎቹ ባለ ቱቦ ሞኒተሮች ነው፤ ቆሞ የዋለ ምስል መስታወቱ ላይ ጠባሳ እንዳይተው። የዛሬዎቹ ጠፍጣፋ የኤልሲዲ ሞኒተሮች መብራት ግን ከጀርባ ስለሆነ ምስሉ ቢጠቁርም መብራቱ አይጠፋም።

ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ አምጥቼ አየሁት። ባለ 22 ኢንቹ ሲሠራ 20 ዋት ገደማ፣ ስክሪን ሴቨር ላይም ያው 20፤ ሲያንቀላፋ ግን ከ1 ዋት በታች። ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት 40ዎቹ ከበሩ በአንድ ሌሊት 11 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። የእንጀራ ምጣድ በዚያ ኃይል ከ3 ሰዓት በላይ ይጋግራል።

በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ ከአንድ ቦታ በሚያዝ የዊንዶውስ መቼት፣ ሁሉም ስክሪን ሥራ ከፈታ በ5 ደቂቃ እንዲጠፋ አዘዝኩ። ኮምፒውተሩን ግን አላስተኛሁትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሪፖርት እያወጣ የሚተወው ብዙ ነው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የሂሳብ ክፍሏ እትዬ፣ «አንተ ልጅ፣ ሥራዬን አጠፋህብኝ!» «እትዬ፣ ማውዙን ነካ ያድርጉት እስቲ።» ነኩት፤ ሥራቸው እንዳለ አለ። ስክሪን ጠፋ ማለት ኮምፒውተር ጠፋ ማለት እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር ግማሽ ሥራ ነው።

አንዳንዱ ስክሪን አልጠፋ አለ። የተከፈተ ቪዲዮ እንቅልፍ ይከለክለዋል፤ አንዱ ጋ ደግሞ ባለ መስታወት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማውዝ ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሥሩ ወረቀት ሲነጠፍ ተወ። የእንግዳ መቀበያውንና የስብሰባ አዳራሹን ስክሪን ከትእዛዙ አወጣሁ፤ ገለጻ መሃል ላይ ስክሪን ከጠፋ አለቃ ይቆጣል፣ አለቃ ከተቆጣ ፖሊሲው ይሰረዛል።

ሠራተኛውን ያሳመነው የመብራት ሂሳብ አይደለም፤ እሱን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ያሳመነው ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን። መብራት ሲሄድ ሞኒተሩም ከዚያችው ትንሽ ባትሪ ነው የሚጠጣው። ስክሪኑ ጠፍቶ ሲጠብቅ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ቡና ሊጠጣ የወጣ ሰው ተመልሶ ፋይሉን ሴቭ ለማድረግ ይደርሳል። ይህ ከታየ በኋላ ከ5 ደቂቃ ወደ 3 አውርድልን ያሉኝም አሉ፤ እነሱ ጋ 3 አድርጌዋለሁ።