የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ

ንጋት 12 ሰዓት። 22 ሰዎች ብስክሌታችንን ይዘን በድንግዝግዙ ቆመናል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ብዙ የሚያወራ የለም። የሚሰማው ጫማ ፔዳል ላይ ሲቆለፍ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። ኪሴ ውስጥ ላብ እንዳያበላሻት በላስቲክ የጠቀለልኳት ካርድ አለች። በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ማህተም ይመታባታል። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገት ዳገቱ ሲደመር 2,600 ሜትር። የተሰጠን ጊዜ 13 ሰዓት ከ30 ደቂቃ።

ውድድር አይደለም። ይህን ለሰው ማስረዳት አቅቶኛል። ስመለስ "ስንተኛ ወጣህ?" ይሉኛል። ስንተኛ ብሎ ነገር የለም። ጭራሽ 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ሳይሞላ የደረሰ ሰው ጉዞው አይያዝለትም። እኔ እንኳን በዚያ በኩል ስጋት የለብኝም።

የሚመሩን ሰው ስድሳን ተሻግረዋል። ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸዋለን። የለበሱት ማልያ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ለቋል። ከፓሪስ ተነስቶ ብረስት ደርሶ ወደ ፓሪስ የሚመለሰውን ጉዞ ጨርሰው ያገኙት ነው። ያ መንገድ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ90 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ1891 ሲጀመር ውድድር ነበር። ያኔ ያሸነፈው ሻርል ቴሮን ከ71 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ዛሬ በየአራት ዓመቱ ከያለበት የሚሰበሰበው እንደኛ ያለ ተራ ሰው ነው። "እንዴት ነበር?" ብዬ ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ። "እንቅልፍ ነው የጨረሰኝ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የመጀመሪያው 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሁለት ሆነን ተሰልፈን በሰዓት 30 እንሄዳለን። በዚህ ፍጥነት ጉልበት የሚበላው ነፋስ ነው። ሰው ከፊትህ ካለ ግን ነፋሱን እሱ ይቀበልልሃል። ከድካሙ ሲሶው ያህል ይቀልልሃል። ስለዚህ ፊት ያሉት ሁለቱ ጥቂት ደቂቃ ይጎትቱና ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ተረኞቹ ይተካሉ።

ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ። ከፊትህ ካለው ጎማ ያንተ ጎማ ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው። ፍሬን ድንገት መያዝ ክልክል ነው። ጉድጓድ ያየ በጣቱ ያሳያል፤ ምልክቱ ከሰው ወደ ሰው እስከ ጭራው ይወርዳል። መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ጩኸቱ ከጭራ ወደ ፊት ይሄዳል። ጀማሪ ዓይኑን ከፊቱ ጎማ ላይ አይነቅልም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሴን ያዞረኝ ነበር። ማየት ያለብህ የሰውየውን ትከሻ ነው። ጎማው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ትከሻው ቀድሞ ይናገራል።

ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ዳገት ላይ ይሄ ሁሉ ትብብር ይፈርሳል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ስትንፏቀቅ ወደ ኋላ የሚገፋህ ነፋስ የለም፤ ስለዚህ ከሰው ጀርባ መጠለል ፋይዳው ትንሽ ነው። የቀረው ክብደት ነው። እኔና ብስክሌቴ አንድ ላይ 90 ኪሎ እንመዝናለን። ከፊቴ ያለችው ቀጭን ልጅ ከነብስክሌቷ 60 ብትሆን ነው። ሜዳው ላይ እኩል ነበርን። እዚህ ላይ የሷ ጀርባ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ኩርባው ዋጠው።

እኔም ጉራዬ መጣ። ከኮርቻዬ ብድግ ብዬ መርገጥ ጀመርኩ። ወዲያው ከኋላዬ "ኧረ በህግ!" የሚል ጩኸት። ሰው ድንገት ብድግ ሲል ብስክሌቱ ለቅፅበት ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙ አይደለም፣ ግማሽ ጎማ ያህል ነው። ከኋላ ተጠግቶ ለሚመጣው ግን መውደቂያው ነው። መነሳት ካለብህ ፔዳሉን ጫን ብለህ እየረገጥክ ነው የምትነሳው። ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥኩ።

የቀረኝ የመጨረሻው ማርሽ ነበር። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላም 34። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል፤ የምትሄደው 2 ሜትር ከምናምን ነው። እግርህ ወፍጮ እንደሚያዞር ይሽከረከራል፣ አንተ ግን እዚያው ነህ። አንዳንዱ ሰው ይህን ማርሽ መንካት ያፍራል። የቱር ደ ፍራንስ መስራች ኦንሪ ዴግራንዥ ራሱ ማርሽ መቀየር ዕድሜው ከ45 ላለፈ ሰው ነው ባይ ነበር። በውድድሩም ላይ ማርሽ መቀየሪያ እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተፈቀደም። እኔ 45 አልሞላኝም። ግን ማርሹን አስገባሁት፣ እሱም ነፍሱን ይማር።

ቁልቁለቱን ብዙ አላወራለትም፤ ያለቀው በደቂቃዎች ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ ላብ ጀርባ ላይ በረዶ ይሆናል። ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው፣ ኩርባው ውስጥ አይደለም። ዓይንህ ደግሞ መውጫው ላይ ይሁን። ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ይሄዳል።

118ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አራት ሰዎች አብረውኝ ቆሙ። የቆመ ሰው እያየህ ጎማ መቀየር ያሳፍራል፤ እጅህ ይፈጥናል። አሮጌውን ከመነዳሪ መንጭቄ አውጥቼ አዲሱን ከተትኩ፣ ነፋሁት፣ "እንሂድ!" አልኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ፉስስ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ? የወጋኝን እሾህ አልፈለግኩትም ነበር። በጎማው ውስጥ ለውስጥ ጣቴን ሳዞር አገኘሁት፤ ጫፉ የጥፍር ቁራጭ አይሞላም። አዲሱንም በስቶታል። ሁለተኛ መለዋወጫ አልያዝኩም። ያቺ ቀጭን ልጅ የራሷን አውጥታ ሰጠችኝ። ስጨርስ ሁለት እጄ እስከ አንጓው በሰንሰለት ዘይት ጠቁሯል።

ከዚያ በኋላ የባከነውን ጊዜ ላካክስ ብዬ መግፋት ጀመርኩ። ጋሼ ከጎኔ መጡ።

"ብላ" አሉኝ።

"አልራበኝም፣ ጋሼ።"

"እሱማ ከራበህ አልፏል።"

እጄ ጥቁር ነው፣ ሰዓት የለም፣ ደግሞም እውነት አልራበኝም። ዝም ብዬ ረገጥኩ። ሰውነት የሚያስቀምጠው ስኳር ወደ 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። ዳገት ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ስብ አለኝ ብለህ አትጽናና፤ ስብ ቀስ ብሎ ነው የሚነድደው። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ የማይበላ ሰው ሂሳቡ የሚመጣበት በአንድ ጊዜ ነው።

የኔ ሂሳብ 160ኛው ላይ መጣ፣ በቀኑ ረጅሙ ዳገት መሀል። ድካም አይደለም፤ ድካም የታወቀ ነገር ነው። ይሄ መብራት እንደማጥፋት ነው። ከንፈሬ ደነዘዘ። የመንገዱን ዳር ምልክት አነበብኩት፣ ምን እንደሚል ግን አልገባኝም። ያለምክንያት ማልቀስ ፈለግኩ። የማንንም ጀርባ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ከኋላዬም ሰው የለም። መጨረሻ እኔ ነኝ።

ቆሜ ሁለት ሙዝ በላሁ። እነዚያ ጥቁር ጣቶቼ ሙዙን አቀለሙት፣ አብሬ በላሁት። ቴምር ነበረኝ፤ እሱንም ጨረስኩ። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁ። እንዲህ ሲሆን ሰው ያየኛል ብሎ የሚጨነቅ ጭንቅላት አይኖርህም።

በቡድን ስሄድ አንድ የማልወደው ነገር አለ። ቀድመው የወጡት ጫፉ ላይ ይጠብቃሉ። ጥሩ። ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። የመጨረሻው ሰው ምላሱ ወጥቶ ሲደርስ "መጣ! በሉ እንሂድ" ይሉና ይነሳሉ። ጠንካራው አርፏል፣ ደካማው ግን አላረፈም። ይህን ጠበቅነው ይሉታል። ደርሶብኛል፤ ከነዚያ ሰዎች ጋር ሁለተኛ አልሄድኩም።

ጫፉ ላይ ስደርስ ሁሉም ጃኬታቸውን ለብሰው ተነስተዋል። ብርድ ነው፣ መቼም አልፈርድባቸውም። አንዱ እግሩን ፔዳል ላይ አድርጓል። ጋሼ ግን ብስክሌታቸውን ገልብጠው መሬት ላይ ተንበርክከዋል።

"ሰንሰለቴ ትንሽ አስቸግሮኛል" አሉ ቀና ሳይሉ። "አስር ደቂቃ ስጡኝ።"

አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ። ሌሎቹ መልሰው ተቀመጡ። እኔ ድንጋይ ተደግፌ ተዘረጋሁ። አንዱ ጃኬቱን ጣል አደረገብኝ፣ ሌላው ጣፋጭ ውሃ ሰጠኝ። ፔዳሉ ሲዞር ቲክ ቲክ ቲክ ሲል እሰማለሁ። ቀስ በቀስ የመንገድ ምልክቱ ትርጉም ያለው ነገር ሆነ፤ "ቁልቁለት፣ ፍጥነት ይቀንሱ" ይላል። አስር ደቂቃው ሃያ ሆነ። ሳቄ ሲመለስ ጋሼ ብስክሌታቸውን አቆሙት።

የቀረው መንገድ አብዛኛው ቁልቁለትና ሜዳ ነበር። ተራዬ ሲደርስ "አንተ ዝም ብለህ ኋላ ሁን" አሉኝ፣ ዝም ብዬ ኋላ ሆንኩ። ነፋሱን 21 ሰዎች ተቀበሉልኝ።

ማታ 1 ሰዓት ከ5 ላይ ደረስን፣ ከጊዜው 25 ደቂቃ ተርፎ። የመጨረሻው ማህተም ተመታ። ካርዴ ላይ የጥቁር አውራ ጣቴ አሻራ አብሮ ታትሟል። ከዚያ ጋሼን ላመሰግን እጄን ዘረጋሁ፣ ወዲያው ዘይቱን አይቼ ልመልሰው አልኩ። ቀድመው ጨበጡኝ። በመንገድ መብራቱ ስር የሁለታችንንም እጅ አየሁት። የኔ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

የሳቸው ጣቶች ንፁህ ነበሩ።