አንድ ሜትር ክፍተት

ጅማ፣ ሐሙስ ማታ

በሰፈር ስብሰባ ላይ «መንገዱ ይዘጋ» የሚለው ሐሳብ ሲነሳ አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። ሌባ በዛ፣ ባጃጁ እንደ አስፋልት እየከነፈ ነው፣ ልጆች ከደጅ መውጣት አልቻሉም ይባላል። ገንዘብ ይዋጣል፤ ብየዳ ቤት ይኬድና ከላይ እስከ ታች ላሜራ የለበሰ በር ይታዘዛል። መንገዱ የሚዘጋው በማን ላይ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ዛሬ ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

መንገድ መዝጋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የለቅሶ ድንኳን መንገዱን ይዞ ሦስት ቀን ሲቆም ቅር የሚለው የለም፤ ባለባጃጁም ሳይነገረው ዞሮ ይሄዳል። ድንኳኑ ጎማን ያግዳል፣ እግረኛ ግን በጎኑ እንደልቡ ያልፋል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለ፣ የሚያመሽ ሰው አለ። ለእኔ ጥሩ መዝጊያ ማለት ይህንኑ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ነው።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ፣ ፋይቭ ኦክስ የሚባል ሰፈር አለ። አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰፈሩን በ10 ትንንሽ መንደሮች ከፈለውና ለእያንዳንዳቸው አንድ የመኪና መግቢያ ብቻ ተወላቸው። የት ይዘጋ የሚለውን የተነጋገሩበት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የመኪናው ብዛት 67 በመቶ፣ ጠቅላላ ወንጀል 26 በመቶ፣ የኃይል ወንጀል ደግሞ 50 በመቶ እንደቀነሰ ተመዝግቧል። ይህ ቁጥር ሲጠቀስ በሮቹ ለእግረኛ ሁልጊዜ ክፍት እንደነበሩ ግን ይረሳል። ያለዚያ ውጤቱ አይገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1990 በ14 ቦታ መንገድ ዘጋ። በመኪና መጥተው ተኩሰው የሚያመልጡት ቡድኖች መውጫ ሲያጡ ግድያና ድብደባው ቀነሰ፤ መዝጊያው ሲላላ ተመልሶ መጣ። በንብረት ስርቆት ላይ ግን ከመዝጊያው ጋር የሚያያዝ ለውጥ አልታየም። ለእኛ ሰፈሮች ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እኛን የሚያማርረን በአብዛኛው ስርቆት ነው። ሌሊት በባጃጅ ዕቃ ጭኖ የሚወጣውን መዝጊያ ያስቸግረዋል። የተሰጣ ልብስ ወይም የውሃ ቆጣሪ ነቅሎ በእግሩ የሚሄደውን ግን በር አያስቆመውም። ለእሱ መብራትና የሚያይ ዓይን ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የሰፈሩ ሰዎች ተቀምጠው የዓመቱን ስርቆቶች አንድ በአንድ ይጻፉ፤ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል ገባ፣ በምን ሸሸ። ግማሹ በእግር ከሆነ ለበር የታሰበው ገንዘብ ለአምፖል ይዋል።

ከዚያ ቆጠራ። ሁለት ሰው ደብተር ይዞ በመንገዱ ሁለት አፍ ይቁም፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት። የሚያልፈውን ሁሉ የሰሌዳውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥርና ደቂቃውን ይጻፉ። በአንዱ አፍ ገብቶ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በሌላው የወጣው አቋራጭ ነው፤ የቀረው የሰፈሩ ሰው ወይም እንግዳ ነው። አንድ ሐሙስና አንድ ተራ ቀን ይበቃል። ሐሙስን የጨመርኩት የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ነው፤ የገበያ ቀን ብቻ ተቆጥሮ የተወሰነ ውሳኔ የተጋነነ ይሆናል። አቋራጩ ከአምስት መኪና አንዱ ብቻ ከሆነ መዝጋቱ ድካም ነው፤ ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሻላል። የጎረቤት መንገዶችም በዚያው ቀን መቆጠር አለባቸው፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ወደ አወቱ ወንዝ ድልድዮች የሚወስድ መንገድ ጨርሶ መነካት የለበትም። ወንዙን መሻገሪያው ውስን ነው፤ እዚያ ላይ የቆመ ዘንግ የአንድ ሰፈርን ሳይሆን የከተማውን መተንፈሻ ይይዛል። አምቡላንስ የሚያልፍበትን መንገድም እንዲሁ።

ፈቃድ የግድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድን የሕዝብ ንብረት ያደርገዋል፤ እድርም ሆነ ኮሚቴ በራሱ ሥልጣን አይዘጋውም። ቀበሌ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ትራፊክ ፖሊስና እሳት አደጋ ሁሉም በጽሑፍ ይወቁት። የቆጠራው ደብተር አብሮ ሲቀርብ ንግግሩ ከስሜት ወደ ቁጥር ይወርዳል።

አሁን ወደ ክፍተቱ። በመዝጊያውና በአጥሩ መካከል ለእግረኛ የሚተወው 1 ሜትር ይሁን። ባጃጅ ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 ነውና አያልፍም፤ ዊልቸር፣ የሕፃን ጋሪ፣ ውሃ የተሸከመች ሴት ያልፋሉ። «ትንሽ ሰፋ ይበል» ተብሎ 1 ሜትር ከ20 ሲደረግ የሚቀረው ልዩነት 10 ሳንቲም ነው፤ ምሰሶው ትንሽ ሲያዘነብል ባጃጁ ይሾልካል። ከ90 ሳንቲም በታች ከወረደ ደግሞ ዊልቸር የሚገፋው ሰው እጁ ይላጣል። የሞተርን ነገር ደብቄ አላልፍም፤ ዊልቸር የሚያልፍበት ክፍተት ሞተርንም ያሳልፋል። ማድረግ የሚቻለው ሁለት አጫጭር አግዳሚዎችን በ1 ሜትር ከ50 ልዩነት አፈራርቆ መትከል ነው፤ ባለሞተሩ ፍጥነቱን ጥሎ፣ እግሩን አውርዶ፣ መሪውን ጠምዝዞ ነው የሚያልፈው። ስልክ ነጥቆ ለሚሸሽ ያቺ አፍታ ብዙ ናት።

ብረት ከመብየዱ በፊት በርሜል። ባለ 200 ሊትር በርሜል አፈር ሲሞላ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አርማታ ሲሞላ 480 ኪሎ ገደማ። ለሙከራ አፈር ይሻላል፤ ሐሳብ ሲለወጥ ይገለበጣል። ከሥሩ ሦስት አራት ቀዳዳ ይበሳ፤ ያለዚያ ውሃ አቁሮ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ቁመቱ ከፍ የሚል ተክል አይተከልበት፤ ልጅ ይጋርዳል። ሦስት ወር ይቆይ፣ ከሦስቱ አንዱ ወር የዝናብ ይሁን።

ዝናብ ስል ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ መሆኗን ማሰብ ያስፈልጋል። መዝጊያ በመጀመሪያ የሚበላሸው ከቦዩ ጋር ሲጋጭ ነው። ምሰሶው ቦዩ ጠርዝ ላይ ከተተከለ የጫት ገረባ፣ የውሃ ፕላስቲክና ቅጠል እሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ውሃው ወደ ኮብልስቶኑ ይወጣል፤ ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ አጥቦ ይወስዳል፤ በሁለተኛው ክረምት ድንጋዩ ይዋልላል። ስለዚህ ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ 50 ሳንቲም መራቅ፣ ኮብልስቶኑን ለጉድጓዱ በሚበቃ ልክ ብቻ መንቀል፣ ዙሪያውን በአርማታ ማሰር። ጉድጓዱ 50 በ50 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 80። አርማታው አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። በሩን በማግስቱ የሚሰቅል ባለሙያ በሩን ጎባጣ ነው የሚያስረክበው።

ዋናው በር ለእሳት አደጋ መኪና 3 ሜትር ከ50 ንጹሕ ስፋት ይተው። ይህን ያህል ርዝመት ያለው አንድ ቅጠል በር በማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ከጫፉ ሥር ትንሽ ጎማ ይደረግለት፣ ወይም ሁለት ቅጠል ይሁን። ቁመቱ 1 ሜትር ይበቃል። ላሜራ አይለጠፍበት፤ ቱቦላሬው በ20 ሳንቲም ልዩነት አግድም ይበየድ። ከላሜራ በር ጀርባ የቆመ ሰው ከመንገድ አይታይም፤ ከመንገድ የቆመውም ከሰፈር አይታይም። ሰፈሩ ሌባን ለመከላከል ብሎ ለሌባ መደበቂያ ገዛ ማለት ነው። በእግረኛው ክፍተት ላይ አምፖል፣ መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም የሚበራ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ይጨመርበት። ሴት ልጅ በምሽት ክፍተቱን ስታልፍ ማዶ ማን እንደቆመ ከ20 እርምጃ ርቀት ማየት መቻል አለባት። ካልቻለች በዋናው መንገድ ትዞራለች፤ ሌሎቹም ይከተሏታል፤ መንገዱ ሰው አልባ ይሆናል። ቡና የምታፈላዋ፣ ጉሊት የምትቸረችረዋ እዚያው አጠገብ ትቆይ። በማስዋብ ስም እነሱን ማንሳት የሰፈሩን ዓይን ማውጣት ነው።

ቁልፉ። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት በጅማ ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በባጃጅ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ቢያንስ በሦስት ቤት ይቀመጥ፤ የቤቶቹ ቁጥር በነጭ ቀለም ምሰሶው ላይ ይጻፍ። ጓጉንቸሩ በየወሩ ዘይት ይቀባ፤ በዝናቡ ዝጎ ቁልፉ ውስጡ የሚሰበረው በሚያስፈልግበት ሌሊት ነው። ሰንሰለቱ ቀጭን ይሁን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በመቁረጫ የሚበጥሰው ዓይነት።

ዘብ ከተቀጠረ ሒሳቡ በሐቅ ይሠራ። በሥራ ሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ቀንም ሌሊትም የሚጠበቅ በር በሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ አራት ሰው ይፈልጋል። ሌሊቱን ብቻ፣ 84 ሰዓት፣ ሁለት ሰው። አንድ ሽማግሌ ቀጥሮ ሰባቱንም ሌሊት እንዲነቁ መጠበቅ፣ ሲያንቀላፉ መውቀስ ግፍ ነው። ሁለት ሰው መክፈል የማይችል ሰፈር ዘብ የማያስፈልገው መዝጊያ ይምረጥ።

መዝጊያው ከመስቀለኛው አፍ ላይ ይሁን እንጂ መሐል ላይ አይቀመጥ። መሐል ላይ ከሆነ ሹፌሩ ገብቶ፣ አይቶ፣ በኋላ ማርሽ ይወጣል፤ ከኋላው የሚጫወት ሕፃን አይታየውም። የተዘጋው ጫፍ ከ45 ሜትር በላይ ከረዘመ የአሜሪካ የእሳት አደጋ ደንብ መዞሪያ ያስገድዳል፤ እኛም የአንድ አይሱዙ መዞሪያ ካላገኘን ሌላ ቦታ ብንፈልግ ይሻላል። «መውጫ የለውም» የሚለው ምልክት በመንገዱ መግቢያ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ከባጃጅ ወንበር በሚታይ ከፍታ።

ከሦስት ወር በኋላ ያው ደብተር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሁለት ቀን። በዚህኛው መንገድ የቀነሰው በጎረቤቱ ላይ ጨምሮ ከተገኘ የተሠራው ችግሩን ማዛወር ነው፤ የዚያኛው ሰፈር ሰዎች ተጠርተው በርሜሎቹ ሌላ መስቀለኛ ላይ ይሞከራሉ።