ሐረጎ ላይ ቦይ የገባው ባልደረባችን

ደሴ ላይ በእንስሳት ጤና ሙያ ከተቀጠርክ ሞተር መንዳትህ አይቀርም። የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዘን ኮምቦልቻ ወዳለው ላቦራቶሪ እንወርዳለን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ኩርባው ኩርባን ይወልዳል፤ ከታች ደግሞ ተሳቢው እያጓራ ይወጣል።

አዲስ የመጣው ልጅ የቆቦ ልጅ ነው። ሜዳ ላይ ማን ይደርስበታል! አንድ ጠዋት እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንወርድ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ ደረስን። ሞተሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ዳር መሄድ ጀመረ። ከኋላ ሄልሜቱን አየዋለሁ፤ ወደ መንገዱ አልዞረም። ቦዩ ላይ ተተክሏል። ወዲያው የፊት ፍሬኑን ጨበጠ። ተጋድሞ የነበረው ሞተር ቀጥ አለና ይዞት ቦይ ገባ።

ጉልበቱ ተላጠ፣ አንድ ስፖኪዮ ተሰበረ። ናሙናው ግን ምንም አልሆነም። ቢሮ ደውለን ስንነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁትም ስለ ናሙናው ነው!

አስተዳደር ክፍሉ የአደጋ ቅጽ ሞላ። ምክንያት፦ «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት»። በዚህ አልተስማማሁም። እኔም ከኋላው በዚያው ፍጥነት ነበርኩ፤ ኩርባውን ዞሬዋለሁ።

ነገሩን የፈቱት የጋራዡ ጋሼ ናቸው። ሞተሩን እያዩ ጠየቁት።

«አንተ ልጅ፣ ቦዩን ምን ብለህ አየኸው?»

«ልገባበት ስለሆነ ነዋ ጋሼ!»

«አይደለም። ስላየኸው ነው የገባህበት።»

ሞተረኛ ሲደነግጥ ዓይኑ የፈራው ነገር ላይ ይቀራል፤ እጁም ዓይኑን ይከተላል። መድኃኒቱ አገጭን ወደ መውጫው ማዞር ነው። አፍንጫችን ሥር ያለውን አስፋልት ትቶ ኩርባው የሚያልቅበትን መፈለግ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ሜዳ ላይ ባዶ ሃይላንዶች ደርድረው አለማመዱት። ልጁን በጣም የከበደው የመሪው ነገር ነበር። ሞተሩ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ወደ ግራ ለመዞር የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ሞተሩ ወደ ግራ ይጋደምና ይዞራል። «መሪው ወደ ቀኝ አይዞርብኝም?» ብሎ ተከራከረ። ለቅጽበት ያህል በትንሹ ይዞራል፤ የሚያጋድመውም እሱ ነው። በእግር ፍጥነት ስትነዳ ግን ይህ አይሠራም። ብዙ ሃይላንድ ከተጨፈለቀ በኋላ ገባው።

ስለ ፍሬን ሲያስረዱ ጋሼ ደመወዝን አመጡ። ጎማ ያለው መያዣ ልክ እንደ ደመወዝ ነው፤ ለፍሬን ካዋልከው ለመታጠፊያ አይተርፍም። ስለዚህ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ኩርባው ሳይጀምር ፍጥነት ይቀነሳል። ማርሽም እዚያው ይወርዳል። ከዚያ ጋዙን ለስለስ አድርጎ ይዞ መዞር ነው። ፍጥነትም ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንድ ኩርባ ላይ ከ20 ወደ 40 ብትወጣ ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

በጨዋታ መሃል ሌላ ጉድ ወጣ። ልጁ ለካ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ ነበር የሚወርደው! ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ። ሞተሩን ማርሽ ካልያዘው ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ቅጹ ላይ መጻፍ የነበረበት ይኼ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ግራ ስንታጠፍ መሃል መስመሩን መጠጋት ሐረጎ ላይ አያዋጣም። ጎማችን በእኛ በኩል ቢሆንም ሞተሩ ሲጋደም ጭንቅላታችን ተሳቢው በሚመጣበት በኩል ይሆናል። ከቀኝ በኩል ገብቶ፣ መውጫው እስኪታይ ታግሶ መታጠፍ ይሻላል። ዝናብ ካለ ደግሞ ኩርባው ላይ የፈሰሰ ናፍጣና ከገደሉ የወረደ ጠጠር መኖሩን ማሰብ ነው።

የቀረው የሣጥኑ ነገር ነው። ኋላ ላይ ከፍ ብሎ ሲታሰር የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ ሞተሩንም ያወዛውዘዋል። ዝቅ ያለ ማሰሪያ እንዲገዛ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ግዢ ክፍል «በሂደት ላይ ነው» ይላል። ጋሼ ግን ከአሮጌ ብረት አንድ በይደው ሠርተውለታል፤ ልጁም በሱ እየሠራ ነው።